ነብሮ የሚሉት ልጅ

ለምወድሽና ለማከብርሽ እትዬ፣

እንደምን ከረምሽ? ጉልበትሽስ እንዴት አደረገሽ? ያ ደረጃ ዛሬም በየፎቁ እያስቆመ ያስተነፍስሻል ወይስ ሐኪሙ ያዘዘልሽ ቅባት ትንሽ ፋታ ሰጠሽ? የስፌት መኪናሽስ፣ ያቺ ከእኔ በላይ የምታጉረመርመው፣ ዘይት ጠጥታ ዝም አለች? እኔ ደህና ነኝ። ወገቤ እንደ ልማዱ ነው፤ እሱን ደህና ነው ካልኩማ ማንም አያምነኝም።

ደብዳቤሽን ባለ ቆቡ አድርሶልኛል፤ ያን እንደ እኔ የነዳጅ ቦቴ የሚነዳውን፣ በአንቺ ከተማ ሲያልፍ ዕቃ የምትልኪበትን ሰውዬ ማለቴ ነው። ፖስታውን ሲሰጠኝ «እህትህ እንዲህ አሽጋ የምትልከው የፍርድ ቤት መጥሪያ ነው እንዴ?» ብሎ ቀለደብኝ። ሳቅኩለት። ካነበብኩት በኋላ ግን መጥሪያ ቢሆን ይሻለኝ ነበር አልኩ። መጥሪያ ቢያንስ ጠበቃ ያቆሙበታል።

በስልክ ያልነገርሽኝ አንቺ ዘንድ ያለው ልጄ በቀጭኑ ግድግዳ እንዳይሰማሽ ፈርተሽ እንደሆነ ጽፈሻል። እኔ በስልክ ያልመለስኩልሽ ግን ስለማልችል ነው። ደብዳቤሽን ካነበብኩ ወዲህ ሦስት ጊዜ ደወልኩልሽ፤ ሦስቱንም ጊዜ ዝናብ ጥሎ እንደሆነ ጠይቄሽ ዘጋሁ። በሦስተኛው «አንተ ሰውዬ፣ የአየር ትንበያ ተቀጠርክ እንዴ?» አልሽኝ። አፌ ላይ መጥቶ ነበር፤ ዋጥኩት። ስለዚህ በወረቀት ልናገር። አሁን ነዳጅ ከምንጭንበት ዴፖ በር ውጭ ተሰልፌ ነው የምጽፍልሽ፤ ከፊቴ አሥራ አንድ ቦቴ አለ። ወረቀቱን መሪው ላይ ዘርግቼዋለሁና ፊደሌ ቢወላገድ በመሪው አመካኚልኝ።

የጻፍሽውን አምስት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ልጄ ድንቡሼ ከስቶ ከስቶ የሕፃንነት ስሙ መቀለጃ እንደሆነበት። ሳህኑ እንደቀረበ እንደሚመለስ። ዓይኑ ቀልቶ፣ ጠዋት በጥሪ ሳይሆን በጉተታ እንደሚነሳ። የሒሳብ ፈተና ቀን ከክፍል ጠፍቶ፣ የትምህርት ቤቱ የተሰባበረ ወንበር የሚከማችበት ክፍል ውስጥ ከነስልኩ እንደተገኘ። ስልኩን ስትቀሚው አልጮኸም፣ አልተሳደበም፤ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተቀመጠ፣ አውራ ጣቱ ግን ባዶ ጭኑ ላይ ይንቀሳቀስ ነበር አልሽ። ከሁሉም እሷ ናት አንጀቴን የበላችው። መሪ ላይ ያለውን የራሴን ጣት ባየሁ ቁጥር የእሱ ይታየኛል።

በመጨረሻም ልጁን ከስልኩ ጌም ጋር ያጣበቀው አንድ ጓደኛ እንደሆነ ነገርሽኝ። ስሙ ነብሮ ነው፤ «ግባ» ብሎ ሲጠራው ምግቡንም ትምህርቱንም ይረሳል። «አንተ እንደሆነ የማትረግጠው ከተማ የለም፤ ይህን ነብሮ የሚሉትን ልጅ እናቱን ፈልገህ አግኝና ንገራት። ምን ዓይነት እናት ናት ልጇን እንዲህ የለቀቀች?» አልሽ።

እናቱ ያንቺም እናት ናት፣ እትዬ። ነፍሷን ይማር። ነብሮ እኔ ነኝ።

አሁን መነጽርሽን አውልቀሽ፣ በቀሚስሽ ጫፍ ጠርገሽ መልሰሽ እንዳደረግሽው አውቃለሁ። በትክክል ነው ያነበብሽው። ቆመሽ ከሆነ ግን ተቀመጪ፤ ጉዴ ገና አላለቀም።

ከየት ልጀምርልሽ? የድንቡሼ እናት ካረፈችበት ሳምንት ልጀምር። ልጁ አሥራ ሦስት ዓመቱ ነበር። ቤቱ በሐዘንተኛ ተሞልቶ እኔ እንደ ዕቃ ተቀምጫለሁ። መጥቶ ትከሻዬ ላይ ተደገፈና ማልቀስ ጀመረ። እሱ ካለቀሰ እኔም ሰው ፊት ልቅሶዬን ልለቀው ነው። ኪሴ ገባሁና ስልኬን አወጣሁ፤ «እንካ፣ ወደ ውስጥ ግባና ተጫወት» አልኩት። ሄደ፤ ዝምም አለ። አንዷ አክስቱ «እንዴት ያለ ጠንካራ ልጅ ነው!» ስትል እኔ ሞኙ ኮራሁ። ከዚያ በኋላ ሲከፋው ስልክ፣ ስለ እናቱ ሲጠይቀኝ ስልክ፣ እኔ መንገድ ስወጣ ስልክ። በኋላም የራሱን ገዛሁለት። አንቺ ወደ ቤትሽ ስትወስጂልኝ ሻንጣው ውስጥ ሁለት ቻርጀር ነበረው፤ የእናቱ ፎቶ ግን እኔ ጋ ቀረ። ሻንጣውን የዘጋሁት እኔ ነኝ።

ከዚያ በየመንገዱ ቆሜ ስደውልለት ሦስት ቃል ብቻ ነበረው። «ደህና»፣ «እሺ»፣ «አዎ»። አንዳንዴ ሳልጠይቀው ሦስቱንም ባንዴ ይላቸውና ይዘጋል።

እናቱ በነበረችበት ጊዜ እንዴት እንደሚሸኙኝ ታስታውሻለሽ። እሷ ደህና ግባ አትል፣ መንገድህን ያቅናው አትል። የመኪናውን በር እንደዘጋሁ ወደ መስኮቱ ቀና ብላ «ቀስ ብለህ ንዳ» ትለኛለች። በቃ። አንቺም «ይህቺ ሴት ሚስት ናት ወይስ ትራፊክ ፖሊስ?» እያልሽ ትስቂባት ነበር። ልጁም ቀሚሷን ይዞ ቆሞ፣ ከንፈሯን እያየ፣ አብሯት ይለው ነበር። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ በዚያች ቃል ወጥቼ ገባሁ። ከእሷ ወዲህ ያንን ያለኝ ሰው የለም። ልጁማ ስወጣ ቀና ብሎም አያየኝ።

የዛሬ ዓመት ገደማ አንቺ ቤት መጥቼ ሳለ በትከሻው ላይ አሻግሬ ስልኩን አየሁ። መንደር የሚገነቡበት ጌም ነው፤ ግንብ ይክባሉ፣ ጎተራ ይሠራሉ፣ ወራሪ ሲመጣ ተባብረው ይመክታሉ። የመንደሩን ስም በልቤ ይዤ ወጣሁ። ዴፖ ስመለስ ባለ ቆቡን «ይህ ነገር በየት በኩል ነው የሚገባው?» አልኩት። እሱ ወረፋ ላይ ሲጫወት ስንቴ ሰድቤዋለሁ መሰለሽ፤ «ልጆችህ ቢያዩህ ምን ይላሉ?» እያልኩ። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት እኔ ነኝ። ስም ምረጥ ሲለኝ ልጅ ልጅ የሚሸት ስም ፈልጌ ነብሮ አልኩ። ዕድሜ ሲባል አሥራ አራት ብዬ ሞላሁ። ባለ ቆቡ እየሳቀ «ነብሮ ወገቡን ያመዋል ብለህ ጨምርበት» አለኝ።

እምልልሽ፣ መጀመሪያ ያሰብኩት ልሰልለው ነበር። ከማን ጋር እንደሚውል አይቼ፣ ክፉ ሰው ካለ አባርሬለት ልወጣ። ገና ስገባ ግን «እንኳን ደህና መጣህ! ግንብ መካብ ትችላለህ?» ብሎ ጻፈልኝ። እትዬ፣ ልጄ በአንድ ዓመት ውስጥ ከሦስት ቃል በላይ ሲያናግረኝ ያ የመጀመሪያው ነው። «እችላለሁ» አልኩት። አልችልም ነበር፤ የካብኩት ግንብ ተንዶ ወንዝ ገባ። የሚንከተከት የሳቅ ምልክት ላከልኝ፤ እኔም ጋቢና ውስጥ ብቻዬን ተንከተከትኩ። ከዚያ በኋላ መውጫው ጠፋኝ።

የማላውቀውን ልጄን እዚያ አወቅኩት። ቀልደኛ ነው፤ የአባታችን ተረብ እኛን ዘሎን እሱ ላይ አርፏል። ክፍል ውስጥ ሲናገር እንደሚንተባተብ፣ ልጆቹም እያስመሰሉ እንደሚስቁበት ለነብሮ ነገረው። ለእኔ ነግሮኝ አያውቅም፤ ለአንቺም የነገረሽ አይመስለኝም። ጌሙ ውስጥ ወሬው በጽሑፍ ስለሆነ አይንተባተብም። እዚያ የመንደሩ አለቃ እሱ ነው፤ ሁሉም እሱን ይሰማል።

አንድ ቀን ደግሞ ወራሪም ሳይመጣ፣ ሥራም ሳይኖር፣ ግንቡ ላይ ዝም ብለን ቆመን ሳለ «የእናቴ ድምፅ እየጠፋብኝ ነው» ብሎ ጻፈ። ነብሮ ለዚህ ምን ይመልሳል? ነብሮ የማያውቃት ሴት ናት። እኔ ግን ድምፅዋ አለኝ። ስልኬ ውስጥ የቀረ አንድ የድምፅ መልእክት አለ፤ «ሽንኩርት ጨርሰናል፣ ስትመጣ እንዳትረሳ» የሚል። ይህ እንዳለ ልጁ አያውቅም። ያንን ትቼ «የሰሜኑ በር ተበላሽቷል፣ እንጠግነው» ብዬ ጻፍኩ። «እሺ» አለኝ። ከሦስቱ ቃላት አንዷን። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ያን ዕለት ልጄ በሬን አንኳኩቶ ነበር፤ ቤት ውስጥ ሆኜ ሰው የለም አልኩት።

አሁን ወደ ፈተናው ልምጣ። ዴፖ ውስጥ ስልክ ይዞ መግባት ክልክል ነው፤ ነዳጅ ነው፣ ቀልድ የለም። በሩ ላይ ጥበቃው ቁጥር የተጻፈባቸው ኪሶች ያሉት የእንጨት ሣጥን አለው። ስልካችንን እዚያ እናኖራለን፣ ገብተን እንጭናለን፣ ሦስት አራት ሰዓት ቆይተን ስንወጣ እንወስዳለን። ስለዚህ የእኔ መጫወቻ ጊዜ ከመግባቴ በፊት ያለው ወረፋ ነው፤ ወረፋው ደግሞ ጠዋት ነው። ጠዋት ልጅ የት ነው ያለው? ክፍል ውስጥ። አላወቅኩም ነበር ልልሽ አልችልም። ዓይኔን በጨው አጥቤ በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ «ግባ» እያልኩ እጽፍለት ነበር። ይገባል። ሽንት ቤት ተደብቆ ይሁን ጠረጴዛ ሥር አጎንብሶ፣ አልጠየቅኩም። የመንደሩ ሌሎች ልጆች «ይሄ ነብሮ በውጊያ መሀል ጥሎን ይጠፋል» እያሉ ሲያማርሩብኝ እሱ ብቻ «ተዉት፣ ይመለሳል» ይላቸው ነበር። አራት ሰዓት ቆይቼ ስወጣ እዚያው የመንደሩ በር ላይ ቆሞ አገኘዋለሁ።

የፈተናው ዋዜማ «ነገ ሒሳብ ስላለብኝ አልገባም» ብሎ ነገረኝ። የነገረው ለአባቱ አይደለም፣ ለነብሮ ነው። ነብሮም «በርታ» አለው። በማግስቱ ከፊቴ ሠላሳ ቦቴ ነበር። ፀሐዩ ጋቢናውን አጋለው፣ ወገቤ ተነሳብኝ፣ የሚያናግረኝ ሰው አልነበረም። ሌባ ላመሉ ዳቦ ይልሳል፤ ስልኬን አወጣሁ። ፈተናው ከሐሳቤ ወጥቷል። «ወራሪ መጥቷል፣ ብቻዬን ነኝ፣ ድረስልኝ» ብዬ ጻፍኩለት። ወራሪ አልመጣም ነበር፣ እትዬ። ብቻዬን ነኝ ያልኩት ግን እውነቴን ነው። በሦስት ደቂቃ ውስጥ ደረሰልኝ። ያን ዕለት የምሥራቁን ግንብ ጨረስን፤ ደስ ብሎኝ ነው የዋልኩት። እሱ ያን ጊዜ በተሰባበረ ወንበር መሀል ተቀምጦ ነበር። ፈተናው ትዝ ያለኝ ያንቺን ደብዳቤ ሳነብ ነው።

የትምህርት ቤቱ አማካሪ «በቤተሰቡ ውስጥ ስልክ ከእጁ የማይለይ ትልቅ ሰው አለ ወይ?» ብላ ስትጠይቅሽ «አባቱ የሥራ ሰው ነው፣ ስልክ የሚያነሳው ለመደወል ብቻ ነው» ብለሻታል። ይህን ሳነብ ብቻዬን ሆኜ እንኳ ፊቴን የማስገባበት አጣሁ። ሂጂና አርሚልኝ። እንዲህ ያለ ልጅ ስልክ ላይ የሚወድቀው በምን በምን እንደሆነ ነግራሽ የለ? ሐዘን ውጦ ሲቀር፣ ክፍል ውስጥ ሲሳቅበት፣ ከልጅነቱ ዝም እንዲል ስልክ ሲሰጡት፣ የሚሰማው ሰው ሲያጣ። እንዲህ ብላ የቆጠረችልሽ ሁሉ በእኔ እጅ ያለፈ ነው። እሱ ላይ ያየሽው ጣት እኔም አለኝ። አንድ ቀን ሙሉ ጭነት ይዤ ቁልቁለት ስወርድ ስልኩ ጮኸና ዓይኔን ከመንገዱ ነቅዬ አነበብኩት። «የት ጠፋህ?» ነበር የሚለው። ቀና ስል ጎማዬ የአስፋልቱን ጠርዝ ለቆ ነበር። እንደምንም መልሼ አቆምኩት፤ የእጅ ፍሬኑን ሳብኩና «ቁልቁለት ላይ ስለነበርኩ ነው» ብዬ ጻፍኩለት። ምን እንዳልኩ የገባኝ ከላክሁት በኋላ ነው፤ ቶሎ ብዬ «በብስክሌት» የሚል ጨመርኩበት። አልጠየቀኝም። ከዚያ ቀን ወዲህ መንገድ ላይ ሳለሁ ጽፎልኝ አያውቅም። አጋጣሚ ይሆናል።

ከደብተሩ ጀርባ ቀድደሽ የላክሽልኝንም አይቼዋለሁ። «ማክሰኞ ከአራት እስከ ስምንት፣ ዓርብ ከሦስት እስከ ሰባት» እያለ ገጹን ሞልቶታል። አንቺ የጌም ቀመር ነው ብለሻል። እኔም እንደዚያ መስሎኝ አጥፌ አስቀመጥኩት።

ያደረግኩትን ደግሞ ስሚ። ከረጅም መንገድ ወርጄ አንቺ ከተማ ባለው ጋራዥ ጎማ ክፍል እንድመደብ ለስምሪት ኃላፊው አመልክቻለሁ። «ሰው ከጎማ ወደ ቦቴ ያመለክታል፤ አንተ ከቦቴ ወደ ጎማ?» ብሎ ቀልድ ተጽፎበት እንደሆነ የወረቀቱን ጀርባ ገልብጦ አየ። ከዚያ ፈረመበት። ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ከሥራ ወጥቶ ቤቱ የሚገባ ሰው እሆናለሁ።

አማካሪዋ በአንዴ እንዳትቆርጪበት መክራሽ በቀን አንድ ሰዓት ስልኩን እንደምትሰጪው ጽፈሻል። ዛሬ በዚያች ሰዓት የነብሮን የመጨረሻ መልእክት ያገኛል። ነብሮ ማን እንደሆነ ግን እኔው ራሴ ፊት ለፊት እነግረዋለሁ፤ አደራ፣ እንዳትቀድሚኝ። እንዴት እንደፈራሁ ልነግርሽ አልችልም። ያን ሁሉ ምስጢሩን የሰማው፣ ፈተናውን ያበላሸበት፣ ስለ እናቱ ሲነግረው የበር ጥገና ያወራለት አባቱ መሆኑን ሲያውቅ ምን ይላል? አንድ ጓደኛ ነበረኝ፣ እሱም ውሸት ነበር ሊል ነው። ሦስቱንም ቃላት ቢከለክለኝ አይፈረድበትም። ልጄን በገዛ እጄ ሁለተኛ ጊዜ ላጣው ነው፣ እትዬ።

ተራዬ ደርሷል፤ ጥበቃው እየጠራኝ ነው። እንዲህ ብዬ ላክሁለት፦ «ከተማ ልንቀይር ስለሆነ ጌሙን ትቻለሁ። መንደሩ ያንተ ነው። የሒሳብ ፈተናህን ያበላሸሁብህ እኔ ነኝ፤ ይቅርታ አድርግልኝ። በርትተህ ድጋሚ ተፈተን። ነብሮ።» ስልኩን ሣጥኑ ውስጥ አኖርኩት። ስወጣ እቀጥልልሻለሁ።

ወጣሁ፣ እትዬ። አራት ሰዓት ሙሉ ቧንቧው ሥር ቆሜ ስንት ሊትር እንደገባ አላውቅም፤ የቆጠረው ሌላ ሰው ነው። ጥበቃው ስልኬን ከአሥራ ሰባት ቁጥር ኪስ አውጥቶ ሰጠኝ። መልስ መጥቶ ነበር። እንደመጣ ልገልብጥልሽ፦

«እሺ። ቀስ ብለህ ንዳ።»

ባለ ቆቡ ከኋላዬ ክላክስ ሲያስጮህብኝ ነው የዴፖውን መውጫ ዘግቼ እንደቆምኩ ያወቅኩት። ወርዶ መጣና ፊቴን ሲያይ የውሃ ጠርሙሱን አቀብሎኝ ተመለሰ። ከላይ የጻፍኩትን ፍርሃት ሁሉ ልሰርዘው ብዬ ተውኩት፤ እንዳለ አንብቢው። ያችን የደብተር ቅጠል ግን ካጠፍኩበት ዘርግቼ እንደገና አነበብኳት፤ ለካ ዴፖ ገብቼ የምወጣባቸው ሰዓቶች ናቸው፤ አሁን ከመንጃ ፈቃዴ ጋር አብራ ተቀምጣለች።

ቅዳሜ እመጣለሁ። ደረጃውን እንዳትወርጂ፣ እኔው እወጣለሁ። ስልኩን አትደብቂበት፤ ከእኔ ስልክ ወደ እሱ የምልክለትና የማሰማው ነገር አለኝ። የእናቱን ፎቶም ይዣለሁ። ሽንኩርትም ይዤ እመጣለሁ፤ ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ ይገባዋል።

እንደ እናት ሆነሽ ልጄን ስለያዝሽልኝ ፈጣሪ ብድርሽን ይክፈልሽ። ጉልበትሽን ያጽናልሽ፣ ዓይንሽን ያብራልሽ፣ በዚያ ቤት ሳቅ ሳትሰሚ አያስመሽብሽ። ድንቡሼን ሳሚልኝ፤ እምቢ ካለሽ ግንባሩን ብቻ ንኪልኝ።

ቀስ ብሎ እየነዳ የሚመጣው ታናሽ ወንድምሽ